ብቻዬን ለመሄድ የገደልኩት ዘመድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጸዳለ ሐዋሳ ሄዳ መጣች። ብቻዋን። አራት ቀን! እኔ የሰማሁት ዛሬ ነው፤ ከተመለሰች በኋላ፣ ፒያሳ ቁጭ ብለን ማኪያቶዋን እያማሰለች ስትነግረኝ።

ከጸዳለ ጋር የተገናኘነው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ሁለት ሆነን ነበር የምንሰለፈው። ቁመታችን እኩል ስለነበር መምህሯ አጣመረችን፤ ይኸው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት እንደተጣመርን ቀረን። ሶደሬ ከእሷ ጋር፣ ደብረ ሊባኖስ ከእሷ ጋር፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንኳ ከእሷ ጋር። እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። ሾፌሩም፣ አስተናጋጁም፣ አጠገባችን የተቀመጠው መንገደኛም ወዳጇ ይሆናል። እኔ ቦርሳ እይዛለሁ።

"የሺ፣ ዝምታ እንዴት ደስ እንደሚል አታውቂም" አለችኝ።

ይህን ለእኔ!

ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። ሐይቁ ዳር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የተጠበሰ አሳ። "ማንም አላናገረኝም፤ እኔም ማንንም አላናገርኩም" አለች፣ ሽልማት እንደተቀበለ ሰው።

ይህ የእኔ ነበር። ሰው ሲበዛ ራሷን የሚያማት እኔ። ሠርግ ቤት ጓዳ ገብቼ ሰሃን የማጥበው፣ ሰሃን ማጠብ ወድጄ ሳይሆን ፊቴን ወደ ግድግዳ ለማዞር ነው። የሄደችው ግን እሷ ናት።

ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ቤቴ ያለውን ዳገት ሳላርፍ ወጣሁት። ቅናት ለጉልበት ይጠቅማል ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም። በምኗ እንደቀናሁ ለይቼ ለማወቅ ጻፍኩት።

በአንዱ ወንበር።
ሳትነግረኝ በመሄዷ።
ብትነግረኝ ኖሮ እምቢ እንደምላት በማወቋ።
በአሳው አይደለም። አሳ አልወድም።

ከቁርስ በኋላ ወሰንኩ። ወሊሶ። ፍል ውሃ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ሩቅ አይደለም። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከሃያ ሦስት ጡረተኛ መምህራን ጋር። ሲሄዱም ሲመለሱም ይዘፍኑ ነበር። ከሁሉም ጮክ ብላ የዘፈነችው ማን እንደሆነች መጻፍ አያስፈልግም።

ሆቴሉ ደወልኩ።

"ስንት ሰው ነዎት፣ እማማ?"
"አንድ።"
"ሌላው ሰው መቼ ነው የሚገባው?"
"ሌላ ሰው የለም።"
"እሺ፣ ለጊዜው አንድ ብዬ ልያዘው" አለች ልጅቷ። ለጊዜው!

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ተያዘልኝ። 

የማደርገውን አሰብኩ። አውቶቡስ ላይ መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ። መጽሐፍ ጉልበቴ ላይ፤ ባላነበውም ተከፍቶ ይቀመጣል። አጠገቤ ያለው ሰው የሚበላ ነገር ከዘረጋልኝ (መዘርጋቱ አይቀርም) ትንሽ ቆንጥሬ፣ አመስግኜ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ቁርስ ሰው ሳይበዛ፣ ልክ በአንድ ሰዓት። ጀርባዬ ወደ ግድግዳ።

ለጸዳለ አልነግራትም። ተመልሼ ማኪያቶ እያማሰልኩ ነው የምነግራት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ችግሩ ቁልፉ ነው። ቁልፍ የምተወው ዘይነባ ዘንድ ነው። ዘይነባ ግቢያችን በር ላይ ያለችው ባለሱቅ ናት፤ ወልቂጤ ተወልዳ እዚህ ያደገች፣ የሴቶች እድራችንም ሰብሳቢ። ደግ ናት፤ ደግነቷ ግን ሰው አያስተነፍስም።

"የት ሊሄዱ ነው፣ እትዬ የሺ?"
"ወሊሶ።"
"ከማን ጋር?"

ብቻዬን ብላት የሚከተለውን አውቀዋለሁ። አሞዎት ነው? ከሰው ተጣልተው ነው? ምነው ሰው የሌለዎት ይመስል! ባለፈው ደብረ ብርሃን ስሄድ የእህቷን ልጅ አስከተለችኝ። ልጅቷ ሸኖ እስክንደርስ ስለ እጮኛዋ፣ ከሸኖ በኋላ ስለ እጮኛዋ እናት ነገረችኝ።

ስለዚህ ጥያቄ የሚዘጋ ቃል ፈለግሁ። "ለቅሶ ነው" አልኳት። "የአክስቴ ልጅ አርፎ።"

ደረቷን መታች። "እኔን! እኔን፣ እትዬ የሺ! ታዲያ ብቻዎን ቆመው ሳሙና ይገዛሉ?" ባንኮኒውን ዞራ ወጥታ አቀፈችኝ።

ያኔ ገባኝ። በዚህ ሰፈር ለአንድ ደቂቃ እንኳ ብቻውን የማይተው ሰው ቢኖር ሐዘንተኛ ነው። አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ይህን አላሰላሁትም።

ትምህርት ቤት ሳለን የዋሸች ልጅ ውሸቷን ሃምሳ ጊዜ እንድትጽፈው ይደረግ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ እጄ ከአሁኑ ደክሞታል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ከጠዋት ጀምሮ ቤቴ በሰው ተሞልቷል። ፍራሽ ተነጥፏል። የሰፈራችን ግማሽ ሲፈርስ ጀሞና የካ የገቡት እንኳ ሁለት ታክሲ ቀይረው መጥተዋል። ሽሮ መጣ፣ ዳቦ መጣ፣ ሦስት ፔርሙስ ሻይ መጣ። ነጠላዬን ማዘቅዘቅ ነበረብኝ፤ አዘቀዘቅኩ።

"ስሙ ማን ነበር?"
"ታደሰ።"
"ስንት ልጅ ተወ?"
"አራት።"

ለምን አራት አልኩ? አንድ ይበቃ ነበር።

ዘይነባ አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ሲዘጋ ተነሥታ ቆመች። የእድሩ ሚኒባስ ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በር ላይ ይቆማል፤ አሥራ አንድ ሰው ይሄዳል። "ወልቂጤ ስመላለስ ደግሞ ወሊሶ የማላውቀው ቤት የለም፤ ለቅሶ ቤቱን እኔ አሳያችኋለሁ። እትዬ የሺን ብቻቸውን አንልክም!" ሁሉም "እንዴት ተደርጎ!" አሉ።

በዚህ መሃል ጸዳለ መጣች። ሰው ነግሯት ኖሯል። ጸዳለ የዘመዶቼን ስም፣ የሞቱትንም ያሉትንም፣ ከእኔ በላይ ታውቃለች። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። እኔም አየኋት። አለቀልኝ አልኩ።

"ወይኔ ታደሰ! ወይኔ ወንድሜ!" ብላ ፍራሹ ላይ ወደቀች።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ሮጠ። ውሃ አጠጧት፣ በነጠላ አራገቡላት። "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ይሏታል። እኔ ጥግ ላይ ቀረሁ። በእኔ ለቅሶ የምትጽናናው እሷ! ሰውየው እንደሌለ እያወቅሁ፣ የፈጠርኩት እኔ ሆኜ፣ ቀናሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ቀናሁ።

ሲረጋጋ ጠጋ ብላ በጆሮዬ "ማነው ታደሰ?" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሁሉንም ለጸዳለ ነገርኳት። ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ለዘይነባ "ዘመዶቹ ሰው እንዳይመጣ ብለዋል" ልትልልኝ ፈለገች። ውሸት በውሸት ላይ። እምቢ አልኩ።

ከማክሰኞ ጀምሮ ሲያቃጥለኝ የነበረውን ጠየቅኋት። "አንቺ ወሬኛዋ፣ ሐዋሳን ብቻሽን እንዴት ቻልሽው?"

መሳቋን ተወች። "የሺ፣ አንቺ ዝም ስትይ ማን ያውራ? አስተናጋጁን ማን ይዘዘው? 'ጓደኛዎ ተቆጥተዋል እንዴ' ለሚለኝ ሁሉ ማን ይመልስለት? ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የአንቺንም ድርሻ ያወራሁት እኔ ነኝ። ሐዋሳ አፌ አረፈ።"

እኔ እኮ እሷን የተሸከምኩ ይመስለኝ ነበር።

"ይኸው!" አለች። "አሁንም ዝም።"

ከሄደች በኋላ ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረግሁት። ምንም ቆሻሻ አልነበረውም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ተናገርኩ። ሴቶቹ የነገውን ጉዞ ሊነጋገሩ ሱቁ በር ላይ ተሰብስበው ነበር። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ቃል በቃል እንደምታነበንብ ተማሪ ቆምኩ።

"ታደሰ የሚባል ሰው የለም። አልሞተም፤ አልተወለደምም። ሦስት ቀን ብቻዬን ዝም ብዬ መቀመጥ ፈልጌ ነው የዋሸሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ከኋላ አንዷ "አራቱ ልጆችስ?" ስትል ሳቅ ፈነዳ።

ዘይነባ አልሳቀችም። "ብቻዬን ልሂድ ቢሉ ማን ይይዝዎት ነበር?"

"አንቺ" አልኳት።

ከዚያ በዝግታ "እኔ ዓርብ ያለቀስኩት ለሞተው ወንድሜ ነው" አለች። "ለእርስዎ ሰው ብዬ ጀመርኩ፣ የራሴ መጣብኝ። አሁን በእሱም ላይ ያላገጥኩ መሰለኝ።" ቁልፉን ከእጄ ተቀበለች። ፊቴን አላየችም። "ይሂዱ በቃ።"

አሁን የመሄድ መብት እንዳለኝ አላውቅም። ልቅር ብዬ ለጸዳለ ደወልኩ። "ካልሄድሽማ ታደሰ በከንቱ ሞተ" አለችኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሄድኩ። ደረስኩ። ወሊሶ ነኝ።

መስኮቱን አገኘሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ገና ሰበታ ሳንደርስ የሽምብራ ቆሎ ዘረጋልኝ። ቆነጠርኩ፣ አመሰገንኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከኋላው ላለው ሰው "እማማ ደክሟቸዋል" ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካኝም። ሠራ!

ምሳ ላይ ግን ግድግዳው ጥግ ያለው ጠረጴዛ ተይዟል። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ብቻዋን ተቀምጣበታለች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን አጣጥፋለች። መጽሐፍ ታነባለች፤ ምግቧ ሲመጣ እንኳ ቀና አላለችም። ወዲያው ቀናሁባት። እንዲህ ለመቀመጥ ስንት ዓመት ተለማምዳ ይሆን?

እኔ መሃል አዳራሽ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፣ የአዳሪ ቤቱ ደወል እንደሚደወልብኝ ፈጥኜ በላሁ። ማንም አላየኝም። አለማየታቸውን ደጋግሜ አረጋገጥኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ትናንት ምንም አልጻፍኩም። ቀኑን ሙሉ የተናገርኩት "ሻይ"፣ "ይበቃኛል" እና "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ ነው። ፍል ውሃው ውስጥ ገብቼ ጣቶቼ እስኪጨማደዱ ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ፤ ጦጣዎች ጣሪያው ላይ ይራወጣሉ። ሲመሽ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ራሴን አላመመኝም።

ግን ዘይነባ። ሾርባ ስጠጣ ዘይነባ፣ ፎጣ ሳጥፍ ዘይነባ። እኔ ስልክ ደውዬ ወሬ የምጀምር ሰው አይደለሁም። ዛሬ ደወልኩ።

"ደረሱ?" አለች።
"ሰኞ ነው የደረስኩት።"
"በልተዋል?"
"በልቻለሁ። ዘይነባ፣ የወንድምሽ ነገር..."
"ይተዉት፣ እትዬ የሺ።"

ከኋላዋ አንዱ ሳሙና ይላል፣ ሌላው ስልክ ካርድ፣ የልጅ ልጇ ታለቅሳለች። ልትዘጋው ነው ስል ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"አሁን አጠገብዎ ማንም የለም?"
"ማንም።"
"ጠዋት ሲነሡም?"
"ጠዋትም።"

ዘይነባ ዝም አለች። ዝም ስትል ሰምቻት አላውቅም። "እኔ ከአባቴ ቤት ወደ ባሌ ቤት ነው የገባሁት" አለች። "ከዚያ ልጆቹ፣ ከዚያ የልጅ ልጆቹ። አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዬን አድሬ አላውቅም። ቀናሁብዎ።" አልሳቀችም።

በሕይወቴ ቀናሁብሽ ያለኝ ሰው የለም። ደስ አለኝ። ከዚያ አፈርኩ። በሚቀጥለው አብረን እንምጣ ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፤ የጠየቀችኝ እሱን አይደለም።

"ሦስት ቀን ሱቁን እኔ እይዝልሻለሁ" አልኳት። "አንቺ ነይ። ብቻሽን።"

"እርስዎ? ደንበኛ ሊያናግሩ?"
"አናግራለሁ።"
"ሰዉ እኮ ሳሙና ብቻ አይገዛም፣ እትዬ የሺ። ተቀምጦ ያወራል።"
"አውቃለሁ። ስንት ዓመት በመስኮቴ እሰማው የለም?"

"ላስብበት" ብላ ዘጋችው።

ሦስት ቀን! ጠዋት ሁሉም "እንዴት አደሩ" ሊለኝ፣ እኔም ለሁሉም ልመልስ። ምን ነክቶኝ ነው? እምቢ እንዳትለኝ እፈራለሁ፤ እሺ ካለችኝም እፈራለሁ።

ለማንኛውም የሳሙናዎቹን ዓይነት ከአሁኑ ባጠና ይሻላል።