ከበርሜሉ ጀርባ የተገደለው ሌባ

ዳኛው፣

ቁልፉን ማቀዝቀዣው ላይ ትቼልሃለሁ። የመታጠቢያው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ባልዲውን ከሥሩ አታንሳው።

ትናንት አንተ በምትዳኘው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ላይ ጠረጴዛውን መምታት አልነበረብኝም። ነፍሱን ይማረውና፣ እኔ የምጫወተው ሌባ ከበርሜሉ ጀርባ ትንፋሹን ውጦ ተደብቆ ነበር። አንተ ግን "ጠባቂው እየፈለገው ነው፤ እንዳያገኘው ዳይስ ጣል" አልከኝ። ጣልኩ፤ ሁለት ብቻ ወጣ፤ ተገኘና ተገደለ። "የሚፈልገው ባይኖር ኖሮ ዳይስም ባላስፈለገው" ብለህ የሕጉን መጽሐፍ ዘጋህ።

ሳብሰለስለው አደርኩ። ፍርድህ ልክ ነው።

ሻንጣዬ ሳሎን መሀል ከቆመ ሳምንት አለፈው፤ ተሻግረኸው ትገባለህ፣ ተሻግረኸው ትወጣለህ። አልጋዬን የገዛው ሰው ይዞት ሲወጣ በሩን የያዝክለት አንተ ነህ። "ወዴት ልትሄድ ነው?" ብትለኝ ኖሮ እቀር ነበር።

ዳይስ መጣል እንኳ አላስፈለገኝም።