ሞተሩ ዝም ያለው ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ እንዲፈተሽ

ቀን፦ ዓርብ፣ ኅዳር 12

ለተሽከርካሪ ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለሚኒባሳችን የተሰጠው ቦሎ ተነሥቶ ፍሬኑ ዳግም እንዲመረመር ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች የተማሪ ማመላለሻ ሚኒባስ ረዳት ነኝ። ሾፌሩ ባለቤቴ ነው፤ መኪናውም የጋራችን ነው። ሰው ቦሎ ከለከሉኝ ብሎ ወደ ቢሮዎ ይመጣል እንጂ ለምን ሰጣችሁን ብሎ ሲከስ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን የመጣሁት ለዚሁ ነው፤ አእምሮዬ ጤነኛ ነውና እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. መኪናው አሮጌ ነው። ባለፈው ክረምት ውሃ እየጨረሰ ሲያስቸግር ባለቤቴ ጋራዥ አልወስድም አለ። በሰፈራችን “ዶክተሩ” ይሉታል፤ ካውያ ይሠራል፣ ሬዲዮ ይሠራል፣ “አልችልም” ማለት ብቻ አልፈጠረበትም። ሞተሩን ግቢያችን ውስጥ ፈታታው፤ ብሎኖቹን በእኔ መጥበሻ ላይ ደረደረ። ገጣጥሞ ሲጨርስ መጥበሻው ላይ ሁለት ብሎን ተረፈ። ፋብሪካው በትርፍ ያስገባው ነው አለኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

2. ከዚያ ወዲህ መኪናው ቆሞ ሲሠራ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ካንዴላ ቀየረ፣ ካርቡራቶር አጠበ፤ ምንም አልተሻለውም። በመጨረሻ ሞተሩን አስነሥቶ ጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ አፋቸውን በአውራ ጣቱ ይደፍን ጀመር። ከሞተሩ ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደውን ሲደፍን መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። በደስታ ጮኸ፤ ያን ቱቦ ከተረፉት ብሎኖች በአንዱ ወትፎ በሽቦ አሰረው።

ያ ቱቦ ፍሬኑን ለእግር የሚያቀልለው መሆኑን የነገረኝ በኋላ የጠየቅሁት መካኒክ ነው። የማገዣው ጎማ ተቀዶ በዚያ ቱቦ በኩል ወደ ሞተሩ አየር ያስገባ ነበር፤ ሕመሙ የፍሬኑ ሆኖ የሚያቃስተው ሞተሩ ነበር ማለት ነው። ባለቤቴ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን በራሳችን መኪና ላይ አደረገው።

3. ባለፈው ሳምንት መኪናው ባዶውን፣ በግቢዎ ደልዳላ መሬት፣ በዝግታ ተነድቶ ፍሬኑ ያዘ። መርማሪው ሞተሩን አዳምጠው “ይሄማ ሙሽራ ሆኗል” ብለው ቦሎውን ሰጡን። እሳቸውን አልወቅስም፤ ድምፁ በእውነት ያምራል። እኔን ግን እንቅልፍ የነሣኝ ያ ማማሩ ነው።

4. ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው መንገድ ረጅም ቁልቁለት ነው፤ ግርጌው ላይ የገበያ መንገድ ያቋርጠዋል። በሩ አጠገብ ስለምቀመጥ የባለቤቴን እግር አያለሁ። ዱሮ በጫማው ጫፍ የሚነካውን ፍሬን ዛሬ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ይረግጠዋል፤ ጭኑ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩን የለቀቀው መንቀጥቀጥ ወደ እሱ እግር ዞሯል። ልጆቹ ከኋላ ይዘፍናሉ፤ የእኛዋ ትንሿ ልጅ ከሁሉም በላይ ትጮኻለች።

5. ዛሬ ጠዋት ፍሬኑ ዘግይቶ ስለያዘ የቆምነው የገበያው መንገድ መሐል ነው። አንዲት እናት ቅርጫቷን ጥላ ሸሸች፤ ቲማቲሟ ጎማችን ሥር ገባ። ልጆቹ ሳቁ። ባለቤቴ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ፤ ቀና ብሎም አላየኝም። ቤት ስንገባ ለመንኩት። “ቦሎ የሰጡኝ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ አንቺ ከእነሱ ልትበልጪ ነው?” አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በተናገርኩ ቁጥር የሚመልስልኝ የእናንተ ቦሎ ነው። ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ስንመልስ መንገዱ ዳገት ነውና ለዛሬው እግዜር ያውቃል፤ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሳይሳፈሩ ግን ቦሎው እንዲነሣልኝ፣ መኪናውም አሸዋ ተጭኖበት ቁልቁለት ላይ እንዲፈተሽ እጠይቃለሁ። ባለቤቴ ከሳሹ ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ ስሜን አይደብቁት። ባለቤቴን እወደዋለሁ፤ ቢያኮርፍም ኩርፊያ ይበርዳል። ብቻ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።

ከአክብሮትና ከጭንቅ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የሚኒባሱ ረዳት፣ የሾፌሩ ሚስት

አባሪ፦ መኪናውን ለፍተሻ መውሰጃ የሚሆን ቁልፍ፣ አንድ። ሌላው ከባለቤቴ ኪስ አይለይም።