ስለ መስኮታችን ዛፍና ስለ ሩቁ ማንግሮቭ

ለተከበሩ የቤቶች ማኅበራችን የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ፣
ባሉበት

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ኤርኮንዲሽን እንዳለው ስለሰማሁ ስለ ሙቀቱ እንኳ አልሰጋልዎትም። ጀማለዲን እባላለሁ፤ ቶተንሃም ባለው ሕንፃችሁ አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴ ከመይሙና ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ከመስኮታችን ፊት ያለውን ትልቅ ዛፍ የፊታችን ማክሰኞ ቆርጣችሁ ቦታውን የመኪና ማቆሚያ እንደምታደርጉት የሚገልጸው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በምትኩ ሩቅ አገር ባሕር ዳር አራት መቶ የማንግሮቭ ችግኝ ማስተከላችሁን ስላበሰሩኝ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ነዋሪው ሐሳብ እንዲሰጥ ስብሰባ የጠራችሁት ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። ግማሹ ሕንፃ ጁምዓ ሄዶ ነበር፣ የቀረው ሥራ ላይ። «ተቃውሞ አልቀረበም» ብላችሁ መጻፋችሁ ትክክል ነው፤ ባዶ ወንበር ምን ብሎ ይቃወማል?

፪. ማንግሮቭን አልንቅም። በወጣትነቴ አሰብ ወደብ ስሠራ ጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ግመል እየጋጠው ሲያድግ አይቻለሁ። የልጅ ልጄ ራንያ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ይህንኑ ነውና እንዳስረዳችኝ፣ ከአየር የሚወስደውን ካርቦን አብዛኛውን የሚያኖረው ከሥሩ ባለው ጭቃ ውስጥ ነው፤ ጭቃው ውሃ እንደጠገበ አየር ስለማይገባው ካርቦኑ ለብዙ መቶ ዓመት ይቆያል። ታዲያ እሷ የተከላችሁበትን ቦታ ቼክ ብታደርግ፣ አምና አውሎ ነፋስ መትቶታል፤ የተረፈውንም ድርቅና ሙቀት በቁሙ አድርቆታል። ሥሩ ሲሞት ጭቃውን የሚይዘው የለም፤ ባሕሩ ይጠርገዋል፣ ተቀብሮ የኖረውም ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል። ማዕበል አንዳንዴ ደለል አምጥቶ እንደሚጨምርበትም ነግራኛለች፤ እንዳላዳላ ብዬ ነው የምጽፈው። «አባባ፣ እነሱ ግን አሁንም አራት መቶ ነው የሚሉት» አለችኝ። እኔ ወደብ ላይ ጭነት ቆጣሪ ነበርሁ፤ መርከቡ ከሰጠመ በኋላ ጭነቱ ደርሷል ብሎ የሚፈርም ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ስላስተዋወቁኝ አመሰግናለሁ።

፫. ይህ የመይሙና ነው። ያ አርባ ዲግሪ የገባው ሰመር ሲመጣ፣ ዛፍ በሌለበት በኋላ በኩል ካሉት ጎረቤቶቻችን ሁለቱን አምቡላንስ ወሰዳቸው፤ ወይዘሮ እህተማርያም በዚያው ቀሩ። መይሙና ልቧ ደካማ ነው። ያን ሳምንት በሰላም ያለፈችው ከሰዓት በኋላ ፀሐዩን የሚጋርድልን ይህ ዛፍ ስለነበር መሆኑን ሐኪሟም ነግሯታል። የሩቁን ማንግሮቭ የገደለው ሙቀት እኛም ቤት ይመጣል፤ ልዩነቱ እኛ አንድ ዛፍ አለን፣ እስከ ማክሰኞ።

ይግባኝ አፕላይ ባደርግ «መልሱ በሃያ ስምንት ቀን ይደርስዎታል» ተባልሁ፤ ለማክሰኞ የቀረው አምስት ቀን ነው። ደክሞኛል ጌታዬ፤ ስለዚህ በአደባባይ ጻፍሁ።

እርስዎን ጥላ ከማይታጣበት ቦታ ያኑርልኝ እያልሁ፣ ችግኝ ባልተከልሁበት አገር የዛፍ ባለቤት ስላደረጉኝ ውለታዎን የማልረሳ፣ በታላቅ አክብሮት፣

ጀማለዲን ሙባሽር

ማስታወሻ፦ ማክሰኞ ጠዋት ሠራተኞችዎ መጋዛቸውን ይዘው ሲመጡ መይሙናን ከዛፉ ሥር ወንበር ላይ ያገኟታል። አልነሳም ብላለች፤ እኔም በኀምሳ ዓመት ትዳር ሐሳቧን አስቀይሬአት አላውቅም። ለእሷም ሩቅ ባሕር ዳር ምትክ አስባችሁልኝ ከሆነ ይቅርብኝ፤ እኔ የምፈልገው እዚህ ያለችውን ነው።