ቄጠማው ውስጥ የተኛችው ዝይ

ሰኔ 9 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የቤተ ክርስቲያኑ ጥንታዊ የዓሣ ኩሬ ዳር፣ ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ቄጠማ ውስጥ እንቁላሏን ታቅፋ ሳያት ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አጫጆች ይዞ መጣ።

«አባ፣ ነገ አዳራሻችን እንግዳ ይመጣል። ጉዝጓዝ ያስፈልገናል።»

የኩሬው ጠባቂ አባ ተክሌ ሳቁ። «የእኔ እንግዳ ቀድማ መጥታለች ልጄ፤ እንቁላል ላይ ናት። እንግዳ ተነሥ ይባላል?»

ሊቀመንበሩም ሳቀ፤ ግን በጎጆዋ ዙሪያ ጥቂት ቄጠማ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን አሳጨደ። በዚያ ሁሉ ማጭድ መሐል አንዴም አልተነሳችም። እንዲህ ያለ ጽናት አይቼ አላውቅም።

አሁን ግን ውሻም ጭልፊትም በቀላሉ ያያታል። አባ ጋቢያቸውን አውልቀው በሁለት ዘንግ ወጥረው ጋረዱላት። እንቁላሉ መቼ እንደሚፈለፈል ጠየቅኋቸው።

«እሷ ታውቃለች» አሉኝና በእጀ ጠባብ ብቻ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዝናቡ ጀምሯል።