ዘይት ስላልወጣው ማሽን

ለክቡር አቶ ያረጋል
የቴክኖሎጂ ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ የቀዘቀዘ፣ ወንበርዎም የጸና ይሆን ዘንድ ከመተማ ቆላ ሆኜ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሙቀቱ አርባ ሁለት ከመግባቱ በቀር ደህና ነኝ። በአካል ቀርቤ እንዳላመሰግንዎ ወርክሾፑን የምተውለት ሰው የለኝም፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ያን ውድ ማሽን በሽንፋ መንገድ ዳር ወዳለው ወርክሾፓችን ስለላኩ አመሰግናለሁ። ሥራው ስፓርክ ፕላዝማ ሲንተሪንግ ይባላል። እጅግ የደቀቀ የብረትና የሴራሚክ ዱቄት በግራፋይት ቅርጽ ውስጥ ተደርጎ ከላይና ከታች ይጫናል፤ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ በምት በምት ይለቀቅበታል፤ ዱቄቱም ሳይቀልጥ በአሥር ደቂቃ ድፍን ጠጣር ይሆናል። ቁም ነገሩ ፍጥነቱ ነው፤ በተራ ምድጃ ብዙ ሰዓት ቢቆይ ቅንጣቶቹ እየተዋሃዱ ይተልቁና ጥንካሬው ይቀንሳል። ይህን ሁሉ በማመልከቻው ጽፌ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን «በሙቀትና በግፊት የሚጨምቅ» ከሚለው መስመር አላለፈም፤ በእኛ አገር የሚጨመቅ ነገር ሰሊጥ ስለሆነም ማሽኑ ከዘይት መጭመቂያዎች ተራ ተመዘገበ።

ሁለተኛ፤ በየሩብ ዓመቱ ስንት ሊትር ዘይት እንደወጣ ስለሚጠይቁኝ አመሰግናለሁ፤ ከሌላ ከማንም ደብዳቤ አይደርሰኝምና። ዘይት እንደማይወጣው ሰባት ጊዜ አስረድቼ በሰንጠረዡ ላይ ዜሮ ጻፍሁ። ማብራሪያዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ ዜሮው ግን በሚገባ ተነቧል። ባለፈው ጥቅምት ለሙከራ ብለው የላኳቸው ሁለት ጆንያ ሰሊጥም ደርሰዋል፤ አይጦቹ ያመሰግኑዎታል።

ሦስተኛው ይከብደኛል። በራስዎ ፊርማ የወጣው የደህንነት መመሪያ ማሽኑ ያለ ሁለት ሰው እንዳይነሳ ያዝዛል፤ ልክም ነው፣ አንዱ ግፊቱን ሲከታተል ሌላው ከማጥፊያው መራቅ የለበትም። ሁለተኛው ሰው የሥራ ባልደረባዬ ደሴ ነበር። አብረን የሠራናት አንዲት ቁራጭ በገበሬው በአቶ ዋሴ ማረሻ ጫፍ ተበይዳ፣ ክረምቱን ሙሉ ዋልካውን ስታርስ ከርማ ጠርዟ እንኳ አልደነዘም። አቶ ዋሴ እስካሁን እየመጡ «ልዤ፣ ሁለተኛዋን መቼ ነው እምትሰጭኝ?» ይሉኛል። ደሴን ግን ወደ ከተማ አዛወሩት፤ ምትክ እንዲላክልኝ አሥራ አንድ ጊዜ ብጽፍ መልሱ «የሰው ኃይል እጥረት» ሆነ። ዘበኛውን ጋሽ ባየልኝን አሠልጥኜ ነበር፤ እሳቸውም የማሳው ሰሊጥ ሲደርስ፣ ቀን ካለፈበት መሬት ላይ ረግፎ ይቀራል ብለው ወደ አብርሃ ጅራ ለአጨዳ ወረዱ። አልፈርድባቸውም፤ እዚያ ቢያንስ ሰው አለ። እኔ ጠዋት ከፍቼ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ የተዘጋጀውን ዱቄት አያለሁ፣ ሲመሽ እዘጋለሁ። አንዲት ቃል ሳልተነፍስ የምውልበት ቀን ብዙ ነው። ክቡር ሆይ፣ ብቸኝነት ሥራ ከመሥራት ይልቅ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

አሁን ደግሞ ማሽኑ «ውጤት አልባ» ተብሎ፣ ተነቅሎ በሳንጃ ለሚገኝ የዘይት ጨማቂዎች ማኅበር እንዲሰጥ መወሰንዎ በደብዳቤ ደርሶኛል። ማኅበሩን እንኳን ደስ ያላችሁ ይበሉልኝ፤ ሰሊጡን ከሁለት ሺህ ዲግሪ በታች እንዲቆሉትም አደራ ይንገሩልኝ።

ለማያልቀው አሳቢነትዎ በጥልቅ አክብሮት እጅ የምትነሳ፣
የማሽኑ ብቸኛ ባለሙያ፣ ብቸኛ ጠራጊና ከአጨዳው ወዲህ ብቸኛ ዘበኛ፣
የዓለምወርቅ ፈረደ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማሽኑን የሚነቅል አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ መሰየምዎን አነበብሁ፤ የሰው ኃይል እጥረቱ በመቃለሉ ደስ ብሎኛል። ሲመጡ፣ ገመዱን ከመንቀላቸው በፊት፣ ከአምስቱ አንዱን ለአሥር ደቂቃ ያውሱኝ። ሥራው አይከብደውም፤ አጠገቤ መቆም ብቻ ነው።