መሬቱ ለወንዶቹ፣ መኪናዋ ለሴቷ

ለጣውንቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የሌትብሪጅ ነፋስ ሰው ያንገዳግዳል ሲሉ ሰማሁ፤ አንቺን ግን እንደማይጥልሽ እገምታለሁ፤ ከሌስተር ጋር ያን ሁሉ ዓመት ኖረሽ በሁለት እግርሽ ቆመሽ የወጣሽ ሴት ነሽ። እኔ ከወገብ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። በአካል ተያይተን አናውቅም። ጣውንቴ ማለቴን በድፍረት አትቁጠሪብኝ፤ አንድ ባል ተራ በተራ የደረሰን ሴቶች ሌላ ምን እንባባላለን?

ሌስተር ጡረታ በወጣ ማግስት ካናዳን በአሮጌዋ መኪና ካላቋረጥኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ከሃሊፋክስ ተነሣን። የኋላ ጎማዎቿን አትላንቲክ ውስጥ ነከረ፤ የፊቶቹን ፓስፊክ ሲደርስ ይነክራቸዋል፤ አገር በመኪና የሚያቋርጡ ሰዎች ደንብ ነው። በሐምሌ ሙቀት የቆዳ ኮፍያና የቆዳ ጓንት! መኪናዋ ስትሠራ ፍሬቻ ስላልነበራት አሁን ማስገጠም ክብሯን መንካት ነው ይላል። ስለዚህ ወደ ቀኝ በታጠፍን ቁጥር በዝናቡም በትንኙም እጄን በመስኮት የማወጣው እኔ ነኝ። ኦንታሪዮን የሰው ፍሬቻ ሆኜ ጨረስኩት። ከኋላችን የተሰለፉት ከባድ መኪኖች ክላክሳቸውን ሲያንባርቁብን፣ «አየሽ፣ ሰዉ እንዴት እንደወደዳት!» እያለ እጁን ያውለበልብላቸዋል። መሪውን ግን አያስነካኝም። «ይቺ እኮ እንደ ዛሬዎቹ አይደለችም፤ ማርሿን ትሰብሪያታለሽ» ይለኛል። እኔን! ዕድሜ ልኬን በበረዶ ላይ የተማሪ አውቶቡስ የነዳሁትን!

አመሻሽ ላይ የአሮጌ መኪና ወዳጆች አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ኮፈን ይከፍታሉ፣ ታጣፊ ወንበር ይዘረጋሉ፣ እያንዳንዱም የመኪናውን ታሪክ ያወራል። ሌስተር መኪናዋን ያገኛት በፈረሰ ጎተራ ውስጥ፣ ጭድ ሥር ተቀብራ ነው፤ በገዛ እጁም ነፍስ ዘራባት። እኔም ይህንኑ አምኜ ኖሬያለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሱ ግን ከከተማ ከተማ እየከበደ ሄደ። ኩቤክ ላይ፣ ሲያገኛት የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ነበር። ማኒቶባ ስንደርስ ዶሮዋ ድብ ሆነች። ሰዉም አፉን ከፍቶ ይሰማዋል።

ሳስካችዋን ውስጥ ግን ድብ የማያስደነግጣት ሴት ገጠመችው። በአንዲት ትንሽ የስንዴ ከተማ የበጋ በዓል ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የዱር ፍሬ ኬክ ይሸጣሉ። ሌስተር ድቡን እንዴት እንዳባረረው ሲያወራ አንዲት ጸጉሯ የነጣ ሴት የኬክ ቢላዋን እንደያዘች መጣችና የመኪናዋን በር ዳበሰች። ሚዜሽ ሶልቬግ ናት። «የምን ጎተራ ነው የምታወራው አንተ? እኔ በዚች መኪና ሙሽራ አጅቤያለሁ! ጸጉርህ ቢረግፍ የማላውቅህ መሰለህ? ሙሽራው አንተ አልነበርክም?» አለችው።

«ተሳስተሻል እናቴ፤ መኪና መኪናን ይመስላል» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። አልለቀቀችውም። አባትሽ ርስታቸውን ሲያከፋፍሉ መሬቱን ለወንዶቹ፣ መኪናዋን ላንቺ እንዳሉ፣ ከአባትሽ ቤት ያገኘሽውም ይህንኑ ብቻ እንደሆነ በሰው ፊት ዘረገፈችው። «ተሰባብራ ለቁራሌው ተሸጠች ብለህ አይደል ያስለቀስካት? ዛሬም የገና በዓል በመጣ ቁጥር ስልክ ደውላ ታነሣብኛለች፣ አንተ ቀጣፊ!» አለችው። ሰዉ ወንበሩን እያጠፈ አንድ በአንድ ሄደ። እኔ ወደ ሶልቬግ ሄጄ የት እንደምትኖሪ ጠየቅኳት።

ብቻችንን ስንሆን፣ እውነት ነው ወይ አልኩት። «እሷ ምን ታደርጋታለች? ዋጋዋን እንኳ አታውቅም» አለኝ። ቀጥሎም ቫንኩቨር ላይ የመኪናዋ ገዢ እየጠበቀው እንደሆነ ነገረኝ። ስለ ክብሯ ሲሰብክ የከረመው ሰውዬ! ተናደድኩ ብልሽ ውሸት ነው። ንዴትም እኮ የሚናደዱበት ሰው ይፈልጋል። ናቅኩት፣ በቃ። አንድ ጊዜ ከናቁት በኋላ ሰውዬው ሲያኝክ እንኳ ያስጠላል።

በማግስቱ ሜዲስን ሃት ላይ ቁርስ ቤት ገባን። እንዲያ ተዋርዶ ያደረው ሰው ገና እንቁላሉ ሳይመጣ ለአስተናጋጇ ስለ ድቡ ጀመረላት! ጨርሶ አያፍርም። መጣሁ ብዬ ተነሣሁ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። እስካሁን ያወራላት ይሆናል፤ ከተቀመጠበት ውጭው አይታይም። ከዚያ ወዲህ ወዳንቺ ያለው መንገድ ግን ደስ ሲል! በሁለቱም በኩል ስንዴ፣ መስኮቱም ክፍት፣ ማርሿም ደህና፣ ስለ ምንም የሚያወራ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ ፊትሽ ቆሜ ለመናገር ድፍረት አጣሁ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። በርሽ ድረስ መጥቼ በማድ ቤትሽ መስኮት ሰሃን ስታጥቢ አየሁሽና ተመለስኩ። ያንቺም ጸጉር ሸብቷል። በዚህ መንደር አውቶቡሱ የት እንደሚቆም ጠይቄ አግኝቻለሁ፤ እኅቴ ካልጋሪ ትጠብቀኛለች።

ያባትሽን ነፍስ ይማር። ላንቺም ጤናና ሰላማዊ እርጅና ይስጥሽ፤ ነፋሱም ይለፍልሽ። ፖስታውን ስታነሺው ከወረቀት የከበደ ነገር ይኖረዋል፤ እሱ ያንቺ ነው። የደጁን መጋረጃ ግለጪ።

ጣውንትሽ የነበርኩት