ጉድጓዳችን እንዴት እንደ ደረቀ

ውድ ወንድሜ ማሙሽ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ሥራውስ ለቀቅ አድርጎሃል ወይስ እንደ ፊተኛው ነው? እኛ እግዜር ይመስገን በአካል ደህና ነን። በአካል ማለቴን ልብ በልልኝ፤ ሌላው እየቆየ ይመጣል። የእናታችን ጉልበት ያው እንደምታውቀው ነው። አንተ ስትሄድ ትታዘል የነበረችው ትንሿ ልጄ ዛሬ ቃል በቃል ትመልስልኛለች።

እናታችን ይህን እንዳልጽፍልህ ከልክላኛለች። "ሰው አገር ላለ ልጅ ክፉ ወሬ አይላክም" ትላለች። አንተ ግን በደወልክ ቁጥር ተመልሼ ጓሮው ላይ ቤት እሠራለሁ፣ እንደ እናታችን አትክልት እያለማሁ እኖራለሁ ስትል ዝም ብዬ መስማቱ ከበደኝ።

ጉድጓዱ ደርቋል። አባታችን ነፍሱን ይማረውና በእጁ የቆፈረው ጉድጓድ። መጀመሪያ ገመዱ አጠረ፤ እናታችን ሌላ ቀጠለችበት። ቀጥሎ ባልዲው ጭቃ ይዞ ይወጣ ጀመር። በመጨረሻ ባልዲው ደረቅ ድንጋይ ሲመታ ድምፁ ማድቤት ድረስ ተሰማኝ። ጎመኑ ቢጫ ሆነ፣ ቲማቲሙ የለውዝ ፍሬ አክሎ ቀረ፣ ሎሚው ቅጠሉን አራገፈ። ችግኝ ይገዟት የነበሩትም አንድ ሁለቴ ከበር ተመልሰው ቀሩ።

ውሃው የት እንደ ገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከኮረብታው ማዶ ያለው የማዕድን ማውጫ ወደ ታች በቆፈረ ቁጥር ውሃ ያገኛል። ያ ውሃ ሥራ እንዳያስቆማቸው ሌት ተቀን በፓምፕ እየሳቡ፣ ማዕድኑ ከታጠበበት ዝቃጭ ጋር ወንዙ ውስጥ ይደፉታል። ወንዙ የዛገ ብረት መስሏል፤ ከብት እንኳ አሽትቶት ይመለሳል። ፓምፖቹ መብራቱን ስለሚሻሙን ሲመሽ የእኛ አምፖል ጭል ጭል ይላል፤ ማዶው ግን እንደ ቀን ነው። በምኖርበት ከተማ መብራት ጠፍቶ አያውቅም ብለህ የጻፍክልኝን ሳነብ፣ ይቅር በለኝ፣ ተናደድኩብህ።

ከእነዚያ ፓምፖች አንዱን የሚያንቀሳቅሰው ባለቤቴ ነው። ሲቀጠር ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? እኛ ልሰናል።

ሰው ሲያጉረመርም ኩባንያው ሰፈሩን ሰብስቦ ለእያንዳንዳችን የታሸገ ውሃ አደለን። የላኩት ሰውዬ ልብሱም አፉም የተተኮሰ ነው። "ጉድጓዶቹ የደረቁት ዝናብ ስላጠረ ነው፤ ከእኛ ሥራ ጋር አይገናኝም" አለ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ "ከዚህ የባሰ ድርቅ አይተን ጉድጓዳችን አልነጠፈም" ቢለው፣ በጥናት ላይ ነን አለው። ያኔ እናታችን ተነሳች። የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ በር አጠገብ ወደ ቆመው ባለቤቴ ዞራ "ልጄ፣ ውሃውን የምታወጣው አንተ ነህ። ከየት እንደሚመጣ ንገራቸው" አለችው። ባለቤቴ አለቃውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ "እኔ የማውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው፣ እማማ" አለ። እሷም የተሰጣትን ውሃ ሳትከፍተው ወንበሩ ላይ ትታ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ የፈረቃ ኃላፊ አደረጉት። የሰማሁ ዕለት እራት ላይ "እውነቱን እኮ ታውቅ ነበር" አልኩት።

"አውቃለሁ። ግን እኔ ፓምፑን ባላበራው ሌላ ሰው ያበራዋል" አለኝ።

"ሌላ ሰው ያብራዋ" አልኩት።

ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሳ። ጠዋት ግን እንደ ወትሮው ወደ ሥራው ሄደ። እኔም ምሳውን ቋጥሬ ሰጠሁት፤ ልጆቹ የሚበሉት ከዚያው ነው፣ ምን ላድርግ። አፌ እንጂ እጄ አልተቃወመውም።

አሁን ውሃ የሚያመጣልን የኩባንያው ቦቴ ነው። ጀሪካን ደርድረን ፀሐይ ላይ እንሰለፋለን። ባለቤቴ ከሥራ ቦታው ውሃ ያመጣል፤ እናታችን ግን ልብስ ታጥብበታለች እንጂ ጠብታ አትቀምሰውም። በዚያ ጉልበቷ ከቦቴው ወረፋ ይዛ ትቀዳለች። ያው የአንድ ኩባንያ ውሃ አይደለም ወይ ብላት "የቦቴውን ሾፌር ልጄ ብዬው አላውቅም" አለችኝ። ከባለቤቴ ጋር አይጣሉም፤ እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደሩ ይባባላሉ። ልጄ ማለቱን ግን ትታዋለች።

በቀደም ሎሚውን ራሷ አስቆረጠችው። የጉድጓዱን አፍም ልጆች እንዳይገቡበት በቆርቆሮ ከድና ድንጋይ ጫነችበት።

እና ወንድም ዓለም፣ የቤቱን ነገር ተወው። እናትህን ለማየት ከሆነ ዛሬ ነገ ሳትል ና። ለመሬቱ ብለህ ግን የያዝከውን ሥራ እንዳትለቅ። እኔ እህትህ አትምጣ ብዬ እጽፍልሃለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

እናታችን ግንባርህን ስማሃለች፤ ጎመኑ ደህና ነው በይው ብላኛለች። ልጆቹ ጉልበትህን ስመዋል፤ ትልቁ ኳስ አትርሳ ይልሃል። ፀጉር አስተካካዩም እዚያ ጭንቅላትህን ማን እያበላሸው እንደሆነ ይጠይቃል። ባለቤቴ አሁን ገብቶ ስጽፍ አየኝና "ስለ እኔ ምን ጻፍሽ?" አለኝ። "የሆነውን" አልኩት። እሱም "ሰላም በይልኝ" ብሎ ወጣ። ይኸው፣ ሰላም ብሎሃል።

እህትህ
በእናታችን በረንዳ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ